አመድ የተነሰነሰባት መኪና

ባለፈው ክረምት ሽሮ ሜዳ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ሚኒባስ ከፊቴ ዘይት አፈሰሰና ቆመ። ረዳቱ ወርዶ መንገድ ዳር ወደተቀመጠች በቆሎ ጠባሽ ሮጠ፤ ከምድጃዋ በቆርቆሮ አመድ ለምኖ መጣና ሰው እንዳይንሸራተት አስፋልቱ ላይ በተነው። ካፊያ እየጣለ ነበር። አመዱ ረጠበ፣ ዘይቱ ከሥር ሰርጎ ወጣበት፣ ሽታውም ተነሣ። እርጥብ አመድና አሮጌ ዘይት አንድ ላይ ሲሆኑ ምን ምን እንደሚሉ ላላሸተተው ሰው ማስረዳት አልችልም። እኔ ግን የምሳፈርበት ታክሲ መጥቶ እስኪሄድ ድረስ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። የጋሽ ቱፋ ግቢ ሽታ ነበር። ዕድሜዬ ሃምሳን ካለፈ ቆይቷል፤ ልቤ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ልብ ሆኖ ደረቴን ይደልቀው ጀመር።

ቤታችን ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ተዳፋት ሥር ነበር። ከጋሽ ቱፋ ግቢ የሚለየን የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው፤ እሱንም ታላቅ ወንድሜ ግርማ ኳሱን ለማምጣት ሲሾልክ አንድ ጥጉን ገንጥሎት ነበር። በክረምት ጠዋት ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ጫካ ወርዶ ግቢውን ሲሞላው፣ ጎማቸው አይታይምና እዚያ የቆሙት አሮጌ መኪኖች አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስሉ ነበር። እናቴ ወደዚያ አትሂጂ ትለኛለች። እኔም እሺ እላለሁ። ከዚያ እሄዳለሁ።

ጋሽ ቱፋ ረጅም፣ ከሲታ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ከሱሉልታ መጥተው አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ዕቃ በማቀበል ነው ሙያውን የለመዱት። ሞተር የሚሠራ ሞልቷል እያሉ ሞተር አይነኩም። የእሳቸው ነገር አሞርዛተር ነው፤ እሱም የጥንቱ። የዛሬው አሞርዛተር ቀጥ ያለ ቧንቧ ነው፤ ሲበላሽ ይጣልና ሌላ ይገዛል። የድሮዎቹ መኪኖች ግን በየጎማቸው በኩል ዘይት የሞላባት፣ ሁለት ጡጫ የምታህል የብረት ሣጥን ነበረቻቸው። ከሣጥኗ አንድ ክንድ ይወጣል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ክንዱ ይነቃነቃል፣ ውስጥ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ለማለፍ ይታገላል፣ መኪናዋም ሳትዘል ቀስ ብላ ትረጋለች። ክንዱ በሚወጣበት ቦታ ዘይቱን የሚያግድ የቆዳ ቀለበት አለ። ያ ቆዳ ሲያረጅ ወይም ፊቱ ተገልብጦ ሲገባ ዘይቱ ይወጣል። ጋሽ ቱፋ ታንጠባጥባለች አይሉም፤ ታለቅሳለች ነው የሚሉት።

አንድ ባለመኪና መጥቶ አሞርዛተሬ ያፈስሳል ሲላቸው ወዲያው አያምኑትም። «ዘይቱ የታየበት ቦታ የወጣበት ቦታ አይደለም» ይሉና ከመኪናዋ ሥር ጆንያ አንጥፈው ይጋደማሉ። ዘይቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሀል ፈትገው ያሸቱታል። «ይኼ የፍሬን ዘይት ነው፤ ቀለሙን ሲልጠው አታይም?» ይላሉ። ወይም «ይኼ ከካምቢዮ የመጣ ነው፤ ነፋስ ነው እዚህ ያደረሰው።» ከዚያ ተነሥተው የመኪናዋን ጥግ በሁለት እጃቸው ተጭነው ይለቁና ስንት ጊዜ እንደምትወዛወዝ በኦሮምኛ ይቆጥራሉ። ቶኮ ላይ ከቆመች ጤነኛ ነች። ለማ፣ ሰዲ ብላ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘች ዘይቷ አልቋል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን አመዱ ነበር። ሣጥኗን በቤንዚን አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ ከምድጃቸው የወጣ የባሕር ዛፍ አመድ በስስ የሴት ካልሲ እያሳለፉ ይነሰንሱባታል። ባለመኪናው ነድቶ ዳገቱን ወጥቶ ሲመለስ እንደገና ይጋደሙና በመስታወት ስባሪ ፀሐይ እያንጸባረቁ ያነባሉ። ክንዱ በተነቃነቀ ቁጥር የወጣው ዘይት በአመዱ ላይ አንድ ቀለበት ወደ ፊት ይሄዳል። ቀለበቱን ቆጥረው፣ ወፍራም ይሁን ቀጭን አይተው፣ «ዛሬ ከኋላ በግራ በኩል አንድ ከባድ ሰው ጭነሃል» ሲሉት ባለመኪናው ያማትባል። እኔም አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብዬ አብሬ አማትባለሁ።

ጋሽ ቱፋ ለማንም ባለመኪና ውሸት ነግረው አያውቁም። ያጠፉት ነገር ካለ ራሳቸው ይናገራሉ። በሕይወታቸው ያባረሩት ሠራተኛ አንድ ብቻ ነው፤ መርሻ የሚባል። መርሻ አንድ ቀን ቆዳውን ገልብጦ አስገባ። ዘይቱ አመዱ ላይ ሲወጣበት ጌታው ሳያዩ በእጁ ጠረገው። ጋሽ ቱፋ ደረሱበት። እናቴ እንደነገረችኝ ሰፈሩ እየሰማ ነው ያባረሩት። «ቆዳ መገልበጥ የማንም ስህተት ነው። አመድ የሚጠርግ ግን እኔ ግቢ አይሠራም!»

ቀኛዝማች የምንላቸው፣ ከታች ሰፈር የሚኖሩ በጣም ወፍራም ሽማግሌ ነበሩ። ከጣሊያን በፊት የገባች ጥቁር መኪና ነበረቻቸው። አብዮቱ ሲፈነዳ መኪናዋ ለአሞርዛተር ጋሽ ቱፋ ዘንድ ነበረች። ቆዳዋ ተለውጦ፣ አመዷ ተነስንሶ፣ ቀኛዝማች መጥተው እንዲነዷት ሲጠበቅ ሰዎች መጥተው ቀኛዝማችን ወሰዷቸው። አልተመለሱም። ጋሽ ቱፋ መኪናዋን ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር አቆሟት፤ አመዷን ግን አልነኩትም። ባለቤቷ ነድቷት ሳይመለስ ሥራው አላለቀም አሉ። ሦስት ዓመት እንደዚያ ቆመች። አመዱ ደርቆ፣ ጠጥሮ፣ አንድም ጠብታ ሳይወጣበት።

ከዚያ የቀይ ሽብር ክረምት መጣ። ግርማ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ወረቀት በትኗል ተብሎ ይፈለግ ጀመር። አንድ ቀን ምሳ እየበላን አብዮት ጠባቂዎች በር ሲደበድቡ በጓሮ ዘልሎ ወጣ፤ እጁ ላይ ጉርሻው እንዳለ። ሰፈሩን ሁሉ አሰሱት፤ አጡት። እናቴ ሞቷል ብላ እንዳታለቅስ አላወቀችም፤ አለ ብላ እንዳትጽናና አላወቀችም። ብታለቅስስ ማን ይፈቅድላታል? ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር የሚጣሉትን ሬሳዎች ፊት አይታ ትመጣና ጎመን ትቀነጥሳለች።

ግርማ በጠፋ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች መዶሻ ልትዋስ ጋሽ ቱፋ ግቢ ገብታ እየጮኸች ወጣች። የቀኛዝማች መኪና አለቀሰች። ማንም ሳይነዳት፣ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ፣ ከኋላ በግራ በኩል አመዷ ላይ እርጥብ ዘይት ወጥቶባታል። ሌላም አለ፤ የኋላው መስታወት ብቻ ከውስጥ በኩል በትንፋሽ ጭጋግ ለብሷል።

ለወሬ የሰፈራችንን ሰው የሚያህል የለም። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ቀኛዝማች እስር ቤት መሞታቸው፣ መንፈሳቸውም ሌሊት እየመጣ መኪናቸው ውስጥ እንደሚቀመጥ የማያውቅ አልቀረም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አጥሩ ጋ ሲደርሱ መንገድ ይሻገሩ ጀመር። እናቴ ጠበል አምጥታ ደጃፋችንን ረጨች። ጋሽ ቱፋን ሲጠይቋቸው «እሳቸው ከሆኑ መኪናዋ የራሳቸው ነች፤ እኛን ምን አገባን?» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ሰዉን ያስፈራው ይኼ ነው። የዘይትን መንገድ እንደዚያ አድርገው የሚያውቁ ሰው መንፈስ ነው ካሉ፣ መንፈስ ነው።

እኔ ፈራሁ፤ ግን ከፍርሃቴ ይልቅ የማየት ጉጉቴ ባሰብኝ። አንድ ጭጋጋም ጠዋት በተገነጠለው አጥር ሾልኬ ገባሁ። የመስታወቷን ስባሪ ከተንጠለጠለችበት አውርጄ እንደ ጋሽ ቱፋ ተጋደምኩና አየሁ። አመዱ ላይ ቀለበቶች ነበሩ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ አንዱ ጠበቅ፣ አንዱ ሰፋ ብሎ። ሦስት ዓመት ቆሞ የደረቀው ቆዳ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ ዘይት ያሳልፋል ማለት ነው። በየቀኑ አንድ ጊዜ መግባት፣ አንድ ጊዜ መውጣት። ተነሥቼ የመኪናዋን ጥግ በሙሉ ኃይሌ ገፋኋት፤ አዲስ ቀለበት ወጣ። እጄን አነሣሁ።

እጄ ከመኪናዋ ላይ ተነሥቷል። መኪናዋ ግን ዝቅ አለች። ከዚያ ከሥር የሚሸከማት ባሌስትራ በቀስታ አቃሰተ፣ አንዲት የዘይት ጠብታም ከቆዳው ሥር አብጣ ወጣች።

«ምን አየሽ ሙሉ?»

ጋሽ ቱፋ ከኋላዬ ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አልሰማሁም።

«ሰው... ሰው ይገባል» አልኳቸው።

«ቀኛዝማች ናቸው።»

«አይደሉም! ቀኛዝማች ወፍራም ናቸው። ቀለበቱ ቀጭን ነው።»

ጋሽ ቱፋ ፊቴ ቁጢጥ አሉ። ፊታቸው ላይ ኩራትም ፍርሃትም አየሁ። ሁለቱ አንድ ሰው ፊት ላይ ሲቀላቀሉ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

«ግርማ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «መንገዱ እስኪገኝለት ነው። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ብትነግሪያት ፊቷ ይበራል። ፊቷ ከበራ ያዩባታል። ገባሽ?»

ገባኝ። የአሥር ዓመት ልጅ እንዲህ ያለው ነገር ባይገባው ይሻል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሌሊት ተደብቃ ስታለቅስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያታለሁ፤ ልጇ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተኝቷል። ልነግራት አፌን ከፍቼ ስንት ጊዜ እንደዘጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። እሷ ደግሞ በወንድምሽ አታለቅሺም፣ ልብሽ ድንጋይ ነው እያለች ትቆጣኛለች።

የመንፈሱ ወሬ ዞሮ ዞሮ ቀበሌ ደረሰ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ቆርቆሮው እየተነነ ሳለ፣ ጓድ መርሻ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ልጆች አስከትሎ መጣ። ያው የተባረረው መርሻ ነው፤ አሁን የአብዮት ጥበቃው አለቃ ሆኗል። ጎረቤቱ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እናቴም ወጣች። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ነበር።

«እንደምን ሰነበቱ ጋሽ ቱፋ?» አለ መርሻ። አክብሮቱ የሽሙጥ ነበር። «በአብዮቱ ዘመን መንፈስ የለም ብለን ስናስተምር፣ እርስዎ ግቢ ውስጥ አንድ ፊውዳል ተደብቆብን ኖሯል።»

ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የፍርሃት ነው። መርሻ እጁን ዘርግቶ የመስታወቷን ስባሪ ከቦታዋ አወረደ፤ የምትንጠለጠልበትን አልረሳም።

«አመዱን እኔው ላንብበው» አለ። «ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?»

እንደሚያነብ አውቃለሁ። ቀለበቶቹን ቆጥሮ፣ ውፍረታቸውን አይቶ፣ ልክ እኔ እንዳወቅሁት ያውቃል። ከዚያ በሩን መክፈት ብቻ ነው። ግርማ ውስጥ ነው፤ ትንፋሹን ይዟል። ቀሚሷ ውስጥ ስወሸቅ እናቴ ብርድ መስሏት በነጠላዋ ሸፈነችኝ።

መርሻ ሊጋደም ሲያጎነብስ ጋሽ ቱፋ ቀደሙት። ያ ረጅም ሰው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ፤ እጃቸውን ከጎማው በላይ አስገብተው አመዱን በመዳፋቸው ጠረጉት። አንዴ አይደለም፤ ብረቱ ጥርት እስኪል ድረስ።

መርሻ ቀና ብሎ አያቸው። «ምን አደረጉ?»

«ተወው መርሻ፤ አትይብኝ» አሉ ጋሽ ቱፋ፣ ከተንበረከኩበት ሳይነሡ። «ቆዳውን ገልብጬ ነው ያስገባሁት። ሲቆይ ዘይቱ ይወጣ ጀመረ። ሰዎች መንፈስ ነው ሲሉ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው።»

«እርስዎ?»

«እኔ።»

መርሻ መጀመሪያ አላመነም። ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ ተፈታ። ይኼን ቃል ስንት ዓመት ሲጠብቅ እንደኖረ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። «ጮክ ብለው ይንገሩን እንጂ፤ ሰዉ አልሰማም» አለ።

ጋሽ ቱፋ ተነሡ፤ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ቆዳ ገልብጬ አስገባሁ። አመዱንም እንዳይታይብኝ ጠረግሁት» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ጆሯቸው ግን ጫፉ ድረስ ቀልቶ ነበር።

መርሻ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ የመኪናዋን ጣሪያ በእጁ ተደግፎ፣ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። መኪናዋ በእሱ ሳቅ ዝቅ ከፍ ትላለች። እኔ ከጎማው በላይ ያለውን ብረት ነበር የማየው። አንዲት ጠብታ ወጣች፣ ሌላ ተከተለቻት፣ በተጠረገው ብረት ላይ ፈስሰው መሬት ነኩ። የኋላው መስታወት ከውስጥ ጭጋግ እንደለበሰ ነው። ማንም አላየውም፤ ሁሉም የሚያየው ጋሽ ቱፋን ነበር። መርሻ ዕንባውን ጠርጎ፣ የመስታወቷን ስባሪ እግራቸው ሥር ወርውሮ፣ በሩን ሳይከፍት ሄደ።

ከሦስት ቀን በኋላ ጎህ ሲቀድ የጋሽ ቱፋ እህት ከሱሉልታ ከሰል ጭና ያመጣቻቸውን አህዮች ባዶ ጆንያ አልብሳ ወደ እንጦጦ ስትመለስ፣ በብርድ ልብስ የተጀቦነ አንድ አህያ ነጂ ከኋላዋ ነበር። እናቴ የሰማችው እሱ ተራራውን ካለፈ በኋላ ነው። ጋሽ ቱፋ እቤታችን መጥተው፣ ጓዳ አስገብተው ነገሯት። ከጓዳ ስትወጣ ፊቷ አልበራም። እንዳይበራ ስታደርገው አየኋት።

መርሻ ወሬውን ለሾፌር ሁሉ አዳረሰው። በወሩ ውስጥ የጋሽ ቱፋ ግቢ መኪና የማይገባበት ሆነ። ያ ሁሉ ባለመኪና፣ ያ ሁሉ ሲያማትብ የነበረ፣ ቆዳ በሚገለብጥ እጅ መኪናዬን አላስነካም አለ። ጋሽ ቱፋ ጎሚስታ ሆኑ። የተቀደደ የጎማ ካላማዳሪ ውኃ ውስጥ እየነከሩ አረፋ ሲፈልጉ ይውላሉ፤ አላፊ አግዳሚው «ጋሼ፣ እንዳይገለበጥ!» እያለ ያላግጣል። አንድ ቀን ንድድ ብሎኝ፣ ለምን አይነግሯቸውም አልኳቸው። ካላማዳሪውን ከውኃው አውጥተው አራገፉት። «ከነገርኳቸው መኪናዋ ውስጥ ማን ነበር ይሉኛል» አሉኝ። «ቀጥሎ እናትሽን ነው የሚጠይቁት።»

ደርግ ሳይወድቅ ሞቱ። ያኔ ግርማ ሱዳን መድረሱን በሰው በሰው ሰምተናል፤ ይኼንንም የምናውቀው እኔና እናቴ ብቻ ነን። መርሻ ለቅሶ መጣ። ሬሳቸውንም ተሸክሟል፤ አልዋሽም፣ ያዘነ ይመስል ነበር። ድንኳን ውስጥ ሰዉ ስለ ሟቹ ሲያወራ እሱም ተናገረ። «የሳቸውን ያህል ባለሙያ አዲስ አበባ አልነበራትም። በመጨረሻ ግን እጃቸው ከዳቸው።» ይኼን ብሎ የቅርብ ጎረቤት ናትና ወደ እናቴ ዞረ። «አይደለም እንዴ እትዬ በላይነሽ?»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እናቴን አየ። እኔም አየኋት። ሰባት ዓመት ሙሉ ስትጸልይላቸው የኖረች ሴት ናት። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ።

«አዎ ልጄ» አለች። «ከዳቸው።»

ያን ቀን እናቴን ጠላኋት። ለአንድ ሳምንት አላናገርኳትም። እሷም አልተቆጣችኝም፤ የቀረበላትን እህል ሳትነካ ስትመልስ ከረመች። ልጄ በሕይወት ይኑር ብላ የልጇን አዳኝ ስም ገና መቃብሩ ሳይደርቅ ቀበረችው። እኔ ራሴ እናት እስክሆን ድረስ ይቅር አላልኳትም።

ግርማ መንግሥት ሲለወጥ ተመለሰ። እናቴ ያን ቀን፣ ሰፈሩን ሰብስባ፣ መርሻ ባለበት ይሁን በሌለበት ግድ ሳይሰጣት፣ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች። ሽማግሌዎቹ ሾፌሮች አንገታቸውን ደፉ። ከእነሱ ዛሬ በሕይወት ያለ ብዙ የለም፤ የጋሽ ቱፋም ግቢ ፎቅ ተሠርቶበታል።

ወንድሜ ዛሬ ጡረታ ወጥቷል፤ የልጅ ልጅ አይቷል፤ ቀልድ ይወዳል፤ ስለዚያ ክረምት ግን አያወራም። ሚስቱ አንድ ቀን ሹሩባ እየሠራችኝ በዝግታ ነገረችኝ። አልጋቸው ሰፊ ነው፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ በግራ ጎኑ፣ ጉልበቱን ደረቱ ድረስ ሰብስቦ፣ ጥግ ላይ ነው የሚተኛው። ጠዋት ልትቀሰቅሰው ትከሻውን ስትነካው መጀመሪያ ትንፋሹን ይይዛል። ዓይኑን የሚገልጠው ከዚያ በኋላ ነው።